የትንንሽ ትምህርት ቤቶች ፉትቦል በአሜሪካ፤ የጥሎ ማለፍ ውድድርና የተጫዋች ሽሚያ ታሪክ

በአሜሪካ የገጠር ከተሞች የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የፉትቦል ቡድን ከጨዋታነት ያለፈ ትርጉም አለው። የከተማው ስም በተጫዋቾቹ ልብስ ላይ ይጻፋል፤ ዓርብ ማታ ነጋዴው ሱቁን ዘግቶ፣ ገበሬውም ሥራውን አቁሞ ሜዳው ዳር ይሰበሰባል። ስለዚህ ቡድኑ ሲሸነፍ ከተማው እንደ ተሸነፈ ይቈጠራል። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ፣ ትንንሽ ትምህርት ቤቶች የሻምፒዮንነት ዕድል እንዲያገኙ የተዘረጋው የጥሎ ማለፍ ውድድር እንዴት እንደ ተጀመረ፣ በየአካባቢው የሚገኘውን ጎበዝ ተጫዋች ለማግኘት የሚደረገው ሽሚያም ይህን ሥርዓት እንዴት እንዳናጋው መመርመር ነው። እዚህ ላይ ፉትቦል የተባለው ኳሱ በእጅ እየተያዘ የሚሮጥበት የአሜሪካኖች ጨዋታ እንጂ እኛ እግር ኳስ የምንለው አለመሆኑን፣ ዓመቶቹም ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አንባቢ ይገንዘብልን።

እንደሚታወቀው ፉትቦል በደንቡ 11 ተጫዋቾችን ያሰልፋል። ተቀያሪው ሲታሰብ ቍጥሩ ከዚህ እጅግ ይበልጣል። ጥቂት ወንዶች ልጆች ብቻ ላሉት የገጠር ትምህርት ቤት ይህን ማሟላት ከባድ ነበር። ለዚህ ችግር መፍትሔ ካቀረቡት ሰዎች አንዱ በነብራስካ ግዛት ቼስተር በምትባል ትንሽ ከተማ ያስተምር የነበረው ስቲፈን ኤፕለር ነው። ኤፕለር በ1934 ከየቡድኑ ስድስት ሰው ብቻ የሚሰለፍበትን ጨዋታ ፈጠረ፤ የሜዳውም ርዝመት ከ100 ያርድ ወደ 80 ያርድ ዝቅ አለ። የመጀመሪያው ግጥሚያ በዚያው ዓመት በሄብሮን ከተማ ተደርጎ 19 ለ 19 በሆነ ውጤት አለቀ። ለዚያ ግጥሚያ የሃርዲና የቼስተር ልጆች በአንድ ወገን፣ የቤልቪዲርና የአሌክሳንድሪያ ልጆች በሌላው ወገን ተሰለፉ። በዚህ ጊዜ ጎረቤት ከተሞች በልጆቻቸው አልተሻሙም፤ ልጆቻቸውን አዋጡ እንጂ። በቴክሳስ ግዛት የትምህርት ቤቶች ማኅበር ይህን ጨዋታ በ1938 ተቀበለ፤ በ1972ም ለስድስት ሰው ፉትቦል የግዛት ሻምፒዮና አቋቋመ።

ይሁን እንጂ ትንንሾቹን ትምህርት ቤቶች የሚያሠጋው የተጫዋች ማነስ ብቻ አልነበረም። መንገድ ሲሻሻልና የገጠሩ ሕዝብ ሲቀንስ መንግሥታት የትምህርት ወረዳዎችን ማጣመር ያዙ። በ1939–40 የትምህርት ዘመን በአገሪቱ ከ117,000 በላይ የነበሩት የትምህርት ወረዳዎች በ1970–71 ወደ 18,000 ገደማ ወርደዋል። ከአጎራባቹ ጋራ የተጣመረ ትምህርት ቤት ብዙውን ጊዜ ስሙንም ቡድኑንም ያጣል። ስለዚህ ከማጣመሩ ላመለጡት ከተሞች ቡድኑ የሕልውናቸው ምስክር ሆነ።

የጥሎ ማለፍ ውድድር በመካከለኛው ምዕራብ የተስፋፋው በዚህ ዘመን ነው። ቀድሞ በኦሃዮ የዓመቱ አሸናፊ የሚመረጠው በጋዜጠኞች ድምፅ ነበር፤ በዚህም ስመ ጥሩ ትምህርት ቤቶች ይጠቀሙ ነበር። በኦሃዮ በ1972፣ በኢንዲያና በ1973፣ በኢሊኖይ ደግሞ በ1974 የጥሎ ማለፍ ውድድር ተጀመረ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ትምህርት ቤቶችን በሦስት ምድብ፣ ኢሊኖይ በአምስት ምድብ ከፈሉ። የመክፈያው መስፈሪያ የተማሪ ቍጥር ነበር፤ ይኸውም 200 ተማሪ ያለው 2,000 ተማሪ ካለው ጋራ ሳይገናኝ ሻምፒዮን ሊሆን የሚችልበት መንገድ ተከፈተ ማለት ነው።

ነገር ግን ይህ መስፈሪያ አንድ ያልተነገረ ግምት ነበረው። ይኸውም የየትምህርት ቤቱ ተማሪዎች በዚያው ወረዳ ተወልደው ያደጉ ልጆች ናቸው የሚል ነው። የመንግሥት ትምህርት ቤት በወሰኑ ውስጥ የሚኖረውን ልጅ፣ ፈጣን ቢሆን ዘገምተኛ፣ ይቀበላል። የግል ትምህርት ቤት ግን ከብዙ ወረዳዎች ተማሪ ሊቀበል ይችላል። ከዚህም ሌላ ሚኔሶታ በ1980ዎቹ መጨረሻ፣ ሌሎችም ግዛቶች ተከትለው፣ ተማሪ ከወረዳው ውጭ ባለ የመንግሥት ትምህርት ቤት እንዲማር የሚፈቅድ ሕግ አወጡ። ከዚያ ወዲህ የቍጥር እኩልነት ብቻውን የኃይል እኩልነት መሆኑ ቀረ። ከአንድ ትንሽ ከተማ አንድ ጎበዝ ሯጭ ሲሄድ ትምህርት ቤቱ የሚያጣው ከ200 ተማሪዎች አንዱን ሳይሆን የቡድኑን ግማሽ ኃይል ነው።

ሽሚያው ምን ያህል እንደ ከረረ የቴነሲ ጉዳይ ይመሰክራል። በ1997 የግዛቱ የትምህርት ቤቶች የስፖርት ማኅበር ብሬንትዉድ አካዳሚ የተባለውን የግል ትምህርት ቤት ቀጣ። ምክንያቱም የፉትቦል አሠልጣኙ ለሚቀጥለው ዓመት ለተመዘገቡ የስምንተኛ ክፍል ልጆች፣ ገና ትምህርት ሳይጀምሩ፣ ለልምምድ የሚጋብዝ ደብዳቤ መጻፉ ነው። ቅጣቱ 3,000 ዶላርና የሁለት ዓመት ከጥሎ ማለፍ መታገድን ይጨምር ነበር። ክርክሩ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ፍርድ ቤቱ በ2001 አምስት ለአራት በሆነ ድምፅ ማኅበሩ እንደ መንግሥት አካል በሕገ መንግሥቱ ይገዛል አለ፤ በ2007 ግን ደንቡን ማስከበሩ የትምህርት ቤቱን የመናገር ነፃነት አልጣሰም ሲል ፈረደ።

ቅጣት ብቻ ስላልበቃ ሦስት ግዛቶች መስፈሪያውን ራሱን ለማስተካከል ሞከሩ። ኢሊኖይ ከ2005 ጀምሮ ወሰን የሌላቸውን ትምህርት ቤቶች የተማሪ ቍጥር በ1.65 ማባዛት ጀመረ፤ 600 ተማሪ ያለው እንደ 990 ይቈጠራል ማለት ነው። ኢንዲያና በ2012 ባጸደቀችው ደንብ፣ የግልም ሆነ የመንግሥት፣ በሁለት ዓመት ውስጥ ብዙ ድል ያገኘ ቡድን ወደ ላይኛው ምድብ እንዲወጣ አደረገች። በኦሃዮ ተመሳሳይ ሐሳብ በ2011፣ በ2012ና በ2013 በትምህርት ቤቶች ድምፅ ወድቆ በ2014 አለፈ፤ በዚህም ከ2017 ጀምሮ የቡድኑ ተጫዋቾች ከየት እንደ መጡ እየተመረመረ ቍጥሩ ይስተካከላል።

እነዚህን ሦስት ዘዴዎች ስናነጻጽር፣ የኢሊኖይ ደንብ ተጫዋች የማይሻማውንም ትንሽ የሃይማኖት ትምህርት ቤት ከሚሻማው ጋራ አንድ ላይ ሊመታ ይችላል። የኢንዲያና ደንብ ታላላቆቹ ስላሸነፉ ታናናሾቹን ያስከፍላል፤ በገዛ ልጆቿ የበረታችውንም ከተማ ይጐዳል። የኦሃዮው፣ አሠራሩ አድካሚ ቢሆንም፣ የነገሩን ሥር ይነካል፤ ምክንያቱም የሚጠይቀው ስንት ተማሪ አለህ ብሎ ብቻ ሳይሆን ተጫዋቾችህ የማን ልጆች ናቸው ብሎ ነው።

በሌላ ወገን ልጅ የከተማው ንብረት አለመሆኑ መዘንጋት የለበትም። ወላጅ ለልጁ የተሻለ ትምህርት ፈልጎ ቢወስደው ማንም ሊከለክለው አይገባም። ስለዚህ የማኅበራቱ ተግባር የልጁን መንገድ መዝጋት ሳይሆን የተቀበለውን ትምህርት ቤት በተገቢው ምድብ ማሰለፍ ነው። ልጁ በመረጠው ቦታ ይማራል፤ የቀሩት ልጆችም በአቅማቸው ካሉ ቡድኖች ጋራ ይጋጠማሉ። ይህ ካልሆነ ግን ለትንንሾቹ ተብሎ የተከፈተው ምድብ ትልልቆቹ በትንሽ ቍጥር ስም የሚገቡበት በር ሆኖ ይቀራል።