የአስቦና የጌራ ፈረሶች ባለፉበት

እስቲ ጠጋ በሉ፤ መንዝ ልወስዳችሁ ነው። መኪና አንይዝም። የምንሄደው በብስክሌት ነው፣ ያውም በኮረኮንቹ።

ከመነሳታችን በፊት ግን የአገሩን ወግ ስሙ። ከ400 ዓመት በፊት ነው ይላሉ አባቶች፤ አስቦና ጌራ የሚባሉ ሁለት አቅኚዎች መጡ። አገሩ ሰፊ ነው፣ ወሰን የለውም። እንዴት እንካፈለው ቢባባሉ በፈረስ እሽቅድምድም ይሁን ተባለ፤ ፈረሱ እስከደረሰበት ድረስ ለባለፈረሱ ርስት ይሆናል። ኮርቻ ተጫነ፣ ተጋለበ። የአስቦ ፈረስ ቀድሞ ደከመና ወደቀ። የጌራው ገና መንገዱን ቀጠለ። የአስቦ ድርሻ ያነሰው፣ የጌራ የሰፋው ከዚያ ወዲህ ነው ይባላል። እንግዲህ በጋላቢ ጉልበትና በፈረስ ትንፋሽ የተለካ አገር ነው የምንገባበት።

ከአዲስ አበባ ተነስተን፣ ደብረ ብርሃንን አልፈን ጣርማበር ደረስን እንበል። እዚህ አስፋልቱ ጣልያን በወረራው ዘመን በፈለፈለው ዋሻ ውስጥ ገብቶ ወደ ደብረ ሲና ቁልቁል ይወርዳል። ጭነት መኪናው፣ አውቶቡሱ፣ ጡሩምባው ሁሉ በዚያ ይሂድ። እኛ ከዋሻው በፊት ወደ ሰሜን ታጥፈን የመዘዞን መንገድ እንይዛለን። ጥቂት እንደሄድን ጫጫታው ከኋላችን ይቀራል። ከዚያ በኋላ የምትሰሙት ጠጠሩ ከጎማ ስር ሲንቋቋ፣ ነፋስ ሲያፏጭ፣ ራቅ ብሎ እረኛ ሲጣራ ነው። አልፎ አልፎ አንድ አይሱዙ አቧራውን እያስነሳ ያልፋል፣ ወይም ቅጥቅጥ አውቶቡስ። ሌላው መንገደኛ እግረኛ ነው፣ በቅሎ ነው፣ ገብስ የተጫነ አህያ ነው።

በስተቀኝ ያለውን አትርሱት። ገደል ነው! የሸዋ ደጋ እዚያ ላይ ድንገት ይቆረጣል፤ ሸዋ ሮቢት ያለችበት ቆላ ሁለት ሺህ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ይታያል፤ ከዚያ ወዲያ የአፋር ሜዳ ነው። ጠዋት ከቆላው የሚነሳው ጉም ገደሉን ሞልቶ አፉ ድረስ ይመጣል። በባሕር ጠረፍ የሚነዱ ብስክሌተኞች ማዕበሉን እያዩ እንደሚሄዱ፣ የመንዝ ጋላቢ ደግሞ ጉሙን እያየ ይሄዳል። ጉሙ መንገዱን ሲሸፍነው መውረድና ብስክሌቱን በእጅ መግፋት ነው፤ የገደል አፍ አጥር የለውም።

ትንፋሻችሁ አጠረ? አይዟችሁ። በ3,500 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ 65 በመቶ ያህል ብቻ ነው፤ ሳንባ በአንድ ትንፋሽ የሚያገኘው ኦክስጅን በዚያው ልክ ይቀንሳል። ዳገቱን በጉልበት ልወጣው ያለ ሰው መንገድ ላይ ይቀራል። ማርሹን አቅልሎ፣ ወሬ ማውራት በሚያስችል ትንፋሽ ቀስ ብሎ የነዳ ይደርሳል። ጎማውም ወፍራም ይሁን፣ 40 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ፤ ነፋሱን ጥቂት ቀነስ ማድረግ ነው። ጥርቅም ብሎ የተነፋ ጎማ በኮረኮንች ላይ ይዘላል፣ እጅ ያደነዝዛል፤ ለስለስ ያለው ግን ጠጠሩን ይዞ ይሄዳል። ለስንቅ በሶ ያዙ። ፈረንጆቹ በትንሽ ላስቲክ የታሸገ ጣፋጭ ይጠባሉ፤ የተቆላ የገብስ ዱቄት በውኃ በጥብጦ መጠጣት ግን ለዚህ መንገድ ይሻላል እላለሁ፤ ሆድ ይይዛል፣ የአገሬው ሰውም እርሱን ስንቁ አድርጎ ነው ይህን ዳገት ሲወጣ የኖረው።

አሁን ወደ ጓሳ፣ ወደ መንዝ የሳር ደጋ፣ ገባን። ከአዲስ አበባ 260 ኪሎ ሜትር ያህል ሆነናል። እርሻው ቆመ፣ ሳሩ ጀመረ። ጅብራው በየኮረብታው ወገብ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ጦስኙ በጎማ ሲረገጥ ይሸታል። ይህ ሳር የማንም ሜዳ እንዳይመስላችሁ። የአስቦና የጌራ ልጆች ቄሮ በሚሉት ሥርዓት ጠብቀው ነው እዚህ ያደረሱት። እያንዳንዱ ወገን አለቃውን ይመርጥ ነበር፤ ጓሳው በአንድ ጊዜ ሦስትም አምስትም ዓመት ይዘጋ ነበር፤ ሳሩ ሲደርስ በበጋው ይከፈትና ይታጨድ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ከብቱ ይገባ ነበር። የቤት ክዳን ከዚህ ሳር ነው፣ ገመዱ ከዚህ ነው፣ ዝናብ የሚመልሰው ጌሳ ከዚህ ነው። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሲመጣ ቄሮ ፈረሰ። ግን ሕዝቡ ጓሳውን ጨርሶ አልለቀቀም፤ ጉባኤ አቁሞ፣ መተዳደሪያ አውጥቶ፣ ዘብ ቀጥሮ መልሶ ያዘው። እኔ በዚህ እኮራለሁ። መንግሥት አጥሮ ከያዛቸው ስንት ፓርኮች ይልቅ ገበሬ በመሐላ የጠበቀው ሳር ጸንቶ አገኘነው።

እዚህ ከብስክሌት ውረዱ። እነሆ ጭላዳዎቹ፤ በመቶ የሚቆጠሩ፣ ቁጭ ብለው ሳር እየነጩ ነው። በመካከላቸው የሚሄደውን ቀይ ፍጥረት አያችሁት? ቀይ ቀበሮ ነው። በዓለም ላይ ካሉት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ቁጥር ከ500 አይበልጥም፤ ከኢትዮጵያ ውጭ ደግሞ አንድም የለም። ቀበሮው የጭላዳ ግልገል መብላት ይችላል፤ ግን አብዛኛውን ጊዜ አይነካም። እየተንቀዠቀዠ አይሄድም፣ አያስደነግጣቸውም፣ ረጋ ብሎ በመካከላቸው ይመላለሳል። ምክንያቱን ጓሳ ላይ የከረሙ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ጽፈውታል። ብቻውን ሲያድን አይጥ ለመያዝ ካደረገው ሙከራ የሚሳካለት በ100 ውስጥ 25 ጊዜ ነው፤ ከጭላዳው መካከል ሆኖ ሲያድን ግን 67 ጊዜ። ምናልባትም ጭላዳው ሳሩን ሲነካካ አይጦቹ ከጉድጓዳቸው ይወጡለት ይሆናል። እኛም እንደ እርሱ ረጋ ብለን፣ ብስክሌቱን በእጅ ይዘን እንለፍ። በሩጫ የሚመጣ ጎማ መንጋውን ወደ ገደሉ ይነዳዋል።

ከጓሳ መሃል ሜዳ ከተማ ቅርብ ነው። ቆሎ፣ ጠላ፣ ትኩስ ሽሮ፤ ማታ ደግሞ ከመንዝ በግ ጠጉር የተሠራ ባና ወይም ዝተት። ውርጩን የሚመልሰው እርሱ ነው። መንገድ ላይ ያገኛችኋቸውን ሽማግሌ «አባባ፣ እንደምን ዋሉ» ሳትሉ አትለፉ፤ የጭነት አጋሰስ ሲመጣ ወርዳችሁ ጥግ ያዙ። የመንገዱ ባለቤት አጋሰሱ ነው። ውሻ ቢወጣባችሁም አትሽሹ፤ ወርዳችሁ ብስክሌቱን በመካከል አድርጉ፣ እረኛው ይጠራዋል።

ጉልበት የተረፈው ወደ ሰሜን ወደ ግሼ፣ ወደ ራቤል ይቀጥላል። መርሐቤቴ ግን በሌላ ጊዜ፤ በሙከጡሪና በለሚ በኩል ወደ ጀማ ሸለቆ ወርዶ፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ ዳገቱን ቧጥጦ ዓለም ከተማ መግባት ለብቻው የአንድ ሙሉ ቀን ሥራ ነው። ደጋ የለመደ ሰው የጀማን ሙቀት አይንቀው።

ይህን ሁሉ የምተርክላችሁ ያለ ምክንያት አይደለም። በዓለም ላይ የኮረኮንች ብስክሌት ትልቅ ስፖርት ሆኗል። አሜሪካ፣ ካንሳስ ውስጥ ኤምፖሪያ በምትባል ከተማ በ2006 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ውድድር 320 ኪሎ ሜትር ያህል በጠጠር ያስነዳል። የስፖርቱ የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና በ2022 እ.ኤ.አ. ጣልያን ውስጥ ተደረገ። ጎረቤታችን ኬንያ በ2021 እ.ኤ.አ. በማሳይ ማራ የራሷን ጀመረች። እኛስ? ገረመው ደንቦባ በ1956 እ.ኤ.አ. ሜልቦርን ኦሊምፒክ ላይ የነዳላት፣ ፅጋቡ ግርማይ በ2016 እ.ኤ.አ. ቱር ደ ፍራንስ የገባላት አገር ልጆች ነን። የብስክሌት ባህሉ አለን፤ ኮረኮንቹም አለን።

ግን ዛሬ ተነሱና ውጡ አልላችሁም። በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት እዚያ ደጋ ድረስ ዘልቆ ነበር፤ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ የአማራ ክልል ሌላ ግጭት ውስጥ ነው። መንገዱ ባዶ ሆኖ ሲታይ ሁልጊዜ የሰላም ባዶነት አይደለም፤ ገበያ ያጣ ገበሬ፣ ትምህርት ቤት የቀረ ልጅ አለበት። መንገዱ የሚያስፈልገው አስቀድሞ ለእነርሱ ነው።

ሰላም በመጣ ጊዜ የሚታወጀው የመንዝ ውድድር ግን ከአሁኑ ይታሰብ። ምዝገባው መሃል ሜዳ ላይ ይሁን። የጓሳ ጉባኤ በዓመቱ ውስጥ የትኛው ሳምንት እንደሚስማማ፣ ስንት ሰው እንደሚያልፍ ይወስን፤ የመግቢያው ገንዘብ ለዘቦቹ ይከፈል። ለአገሩ ወጣቶች ደግሞ ብስክሌት የሚያቀርብ፣ ከመነዳሪና ሰንሰለት መጠገን የሚያስተምር ሰው ይፈለግ። በ3,500 ሜትር ላይ ተወልዶ፣ ትምህርት ቤት ለመድረስ በየቀኑ ዳገት የሚሮጥ ልጅ ኮርቻ ላይ ሲወጣ ምን እንደሚያደርግ ማየት እፈልጋለሁ።