በረዶ የምንለው ሁለት ነገር



በቡሬም ሆነ በፍኖተ ሰላም ገጠር «በረዶ ጣለ» ሲባል ሁላችንም የምናስበው ቆርቆሮ ላይ የሚንጣጣውን፣ የበቆሎውን ቅጠል የሚተለትለውንና የበርበሬውን አበባ የሚያረግፈውን ጠጠር ነው። ከባሕር ማዶ ያለ ዘመድ ደውሎ «በረዶ ጣለ» ሲለን ግን እንደ ባዘቶ ቀስ ብሎ ስለሚወርደው ነው የሚያወራው። አማርኛችን ለሁለቱም አንድ ስም ሰጥቷል። ዐረብኛ ጠጠሩን «በረድ»፣ ባዘቶውን «ሠልጅ» ብሎ ይለያል። በሱረቱ አን-ኑር 43ኛ አንቀጽ ከደመና መደራረብ ጋር የተነሳውም «በረድ» ነው። ግእዝም «በረድ» እና «ሐመዳ» አለው፤ «አመዳይ» የምንለው ከዚሁ ነው።

ባዘቶው በአገራችን ይጥላል ወይ የሚለው ጥያቄ ብዙ አከራክሯል። በ6ኛው መቶ ዘመን ኮስማስ የተባለ የእስክንድርያ ነጋዴ አዱሊስ ላይ ከድንጋይ ዙፋን በገለበጠው ጽሑፍ፣ አንድ ንጉሥ ወደ ሰሜን ተራሮች ሲዘምት በረዶው እስከ ጉልበት ያሰጥም እንደነበር ይተርካል። በ17ኛው መቶ ዘመን የመጣው ፖርቱጋላዊው ጄሮኒሞ ሎቦም ስለዚሁ በረዶ መስክሯል። እ.ኤ.አ. በ1770 እዚሁ ሰከላ ድረስ ዘልቆ ግሽ ዓባይን ያየው ጀምስ ብሩስ ግን በሰሜን ተራሮች በረዶ አላየሁም አለ። መጽሐፉን በ1814 ያሳተመው ሄንሪ ሳልት በረዶውን በዓይኑ ማየቱን ገልጾ፣ ብሩስ ከተራሮቹ ግርጌ አለማለፉን አስረዳ። በእኛ አስተያየት ክርክሩ የከፍታ ጉዳይ ነበር።

እንዴት ቢሉ፣ በእኛ ሰማይ ላይ ውኃ የሚረጋበት ቅዝቃዜ የሚጀምረው ከባሕር ወለል ከ4,500 እስከ 5,000 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ከዚያ በላይ ባለው ደመና ውስጥ እንፋሎቱ በጥቃቅን አቧራ ላይ እየረጋ ባለ ስድስት ማዕዘን ቅንጣት ይሠራል፤ ቅንጣቶቹ ሲያያዙ ባዘቶው ይሆናል። በብርድ አገር ይህን በብዛት የሚያወርደው ኒምቦስትራተስ የሚባለው ሰማዩን ሁሉ የሚሸፍን ግራጫ ደመና ነው። ከ4,500 ሜትር በላይ የሆነው ራስ ደጀን ቅዝቃዜው ሲበረታ ባዘቶውን ሳይቀልጥ ያገኘዋል። ቡሬ ግን 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች መንገድ ላይ ይቀልጣል። ክረምት ላይ የሚያረሰርሰን ዝናብ አብዛኛው ከላይ ሲነሳ በረዶ ነበር ቢባል ማን ያምናል?

ጠጠሩ ሌላ ነው። ከሰዓት በኋላ እንደ ተራራ ሽቅብ የሚያድገው፣ ነጎድጓድ ያዘለው ኩሙሎኒምበስ ነው የሚወልደው። በውስጡ ያለው ኃይለኛ ነፋስ ቅንጣቱን ሽቅብ ይዞት ሲቆይ፣ ከዜሮ በታች ቀዝቅዞም ያልረጋ ውኃ እየተለጠፈበት እንደ ሽንኩርት ይደራረባል። ነፋሱ ሊሸከመው ሲያቅተው ይወድቃል፤ ከብዶ በፍጥነት ስለሚወርድ ሳይቀልጥ ማሳ ላይ ይደርሳል።

ይህ ደመና የሚመታው ብዙ ጊዜ ጠባብ መስመር ነው፤ የአንዱ ማሳ ሲወድም የጎረቤቱ ሳይነካ የሚተርፈው ለዚህ ነው። በቆሎው አምስት ስድስት ቅጠል ሳያወጣ ከተመታ እምቡጡ ገና ከአፈር በታች ስለሆነ መልሶ ሊያቆጠቁጥ ይችላል፤ ስለዚህ ለመገልበጥ ሳይቸኩሉ አንድ ሳምንት ማየት ይበጃል። ወንዴ አበባው ከወጣ በኋላ የተተለተለ ቅጠል ግን አይተካም።