የጥላቻ ስም፤ «ሩሶፎቢያ» ከውጫሌ አንጻር

ከደሴ ተነሥቶ ሐይቅን አልፎ ወደ ወልድያ የሚያመራው መንገድ የአምባሰሏን ውጫሌ ያቋርጣል። በዚያው አካባቢ፣ ይስማ ንጉሥ በተባለው ስፍራ፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክና የኢጣልያ መንግሥት ተዋዋሉ። በ17ኛው አንቀጽ አማርኛው፣ ንጉሡ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣልያ በኩል መላላክ ይችላሉ ሲል፣ የኢጣልያንኛው ቅጂ ይህንኑ ግዴታ አደረገው። የአንድ ግስ ልዩነት ከሰባት ዓመት በኋላ ዐድዋ ላይ በደም ተፈታ። እንግዲህ የባዕድ ቃል ሲመጣ ትርጉሙን መመርመር ለዚህ አገር ሰው ቅንጦት አይደለም።

«ሩሶፎቢያ» ከእነዚህ ቃላት አንዱ ነው። ሁለተኛው ክፍሉ ከግሪክ የመጣ ሲሆን ፍቺው «ፍርሃት» ነው፤ አማርኛው ግን «ሩሲያን መጥላት» ይለዋል። የፈራ ሁሉ አይጠላም፤ የተቃወመም ሁሉ አይጠላም። ሰውን በስሙና በቋንቋው ብቻ የሚያዋርድ ሲገኝ ቃሉ በእርግጥ ይገባዋል። ዳሩ ግን እ.ኤ.አ. በ2022 በዩክሬን ላይ ጦርነት ከተከፈተ ወዲህ ሞስኮ ወቀሳን ሁሉ በዚህ ስም መጥራት አብዝታለች፤ መጋቢት 5 ቀን 2015 ዓ.ም. ጉዳዩን እስከ ጸጥታው ምክር ቤት አድርሳዋለች።

የጥንቱ አማርኛ ሩሲያውያንን «መስኮብ» ይላቸው ነበር፤ ስሙም የቂም ስም አልነበረም። የኢጣልያን የሞግዚትነት ይገባኛል ሩሲያ አልተቀበለችም (የራሷም ጥቅም ነበራትና ነገሩ ፍቅር ብቻ አይደለም)። ከዐድዋ ድል በኋላም፣ ኢጣልያ በምጽዋ ማለፍን ብትከለክለውም፣ የሩሲያ ቀይ መስቀል ቡድን በሐረር በኩል ዞሮ በ1888 ዓ.ም. ክረምት አዲስ አበባ ገባ፤ ቁስለኞችንም አከመ።

ግእዝ ጠላትን «ፀር» ይለዋል። ዘመናዊው አማርኛ ከዚሁ «ፀረ» የሚለውን ቅጥያ አውጥቶ ብዙ ሰው ከሰሰበት፤ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. «ፀረ አብዮት» መባል ብቻውን ለሞት ያበቃ ነበር። ኅዳር 11 ቀን 1971 ዓ.ም. ከሶቪየት ኅብረት ጋር የወዳጅነት ውል ተፈረመ። በ1977ቱ ረኀብ የሶቪየት አንቶኖቭ አውሮፕላኖች እህል አመላለሱ፤ ከወሎ የተነሡ ሰፋሪዎችንም ወደ ደቡብ ምዕራብ አጓጓዙ። ሳይወድ የተሳፈረው ገበሬ አውሮፕላኑን ቢፈራ፣ በየትኛው መዝገብ ጠላት ይባላል? ያሳፈረው የገዛ መንግሥቱ ነበር።