የስምና የመንገድ አደራ፦ የበይነ መረብ ደኅንነት ታሪክ ከስያሜ ቃላት አንጻር

አንድ ሙያዊ ቃል ወደ ቋንቋችን ከመተርጐሙ በፊት ቃሉን የወለደውን ችግር ማወቅ ያስፈልጋል። ይህ ካልሆነ ትርጕሙ የባዕዱን ቃል መልክ ይይዝና ነገሩን ይስታል። በዚህ ጽሑፍ የበይነ መረብ ስያሜና የመንገድ ምሪት ደኅንነት እንዴት እንደ ዳበረ ባጭሩ ከተተረከ በኋላ፣ ከታሪኩ ጋር የተያያዙ ጥቂት የአማርኛ ቃላት ይመረመራሉ። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

በበይነ መረብ ላይ ያለ ኮምፒዩተር የሚታወቀው በቍጥር ነው። ሰው ግን ከቍጥር ይልቅ ስምን ያስታውሳል። የበይነ መረብ መነሻ በሆነው በአርፓኔት ዘመን የስሞችና የቍጥሮች ዝርዝር በአንድ መዝገብ ተጽፎ በካሊፎርኒያ፣ በስታንፎርድ የምርምር ተቋም ይጠበቅ ነበር። የመረጃ ማእከሉ ኀላፊ ኤልሳቤጥ ፋይንለር ነበሩ። አዲስ ኮምፒዩተር ያቋቋመ ሁሉ ለማእከሉ ያስታውቃል፤ ሌሎቹም የታደሰውን መዝገብ እየቀዱ ይወስዳሉ። አባላቱ ሲበዙ ግን ይህ አሠራር አልበቃም። ስለዚህ ፖል ሞካፔትሪስ በኖቬምበር 1983 የዶሜይን ስሞችን ሥርዓት ንድፍ አቀረቡ። በዚህ ሥርዓት መዝገቡ ከሥር ጀምሮ በደረጃ ተከፋፍሎ ለየባለቤቱ ተሰጠ። ጠያቂው ሰርቨር ያገኘውን መልስ ለተወሰነ ጊዜ በማከማቻው ይዞ ለሌሎች ያድላል።

ስሙ ወደ ቍጥር ከተለወጠ በኋላ መንገዱን ማግኘት ይቀራል። በ1989 ያኮቭ ሬክተርና ከርክ ሎኺድ ቢጂፒ የተባለውን የመንገድ ምሪት ደንብ አወጡ። በዚህ ደንብ መሠረት እያንዳንዱ አውታር «ወደ እነዚህ አድራሻዎች የሚወስደው መንገድ በእኔ በኩል ነው» ብሎ ለጎረቤቶቹ ያስታውቃል፤ ጎረቤቶቹም ለጎረቤቶቻቸው ያስተላልፋሉ።

ሁለቱም ሥርዓቶች የተሠሩት በአመኔታ ላይ ነበር። መልስ ሰጪው የስሙ ባለቤት መሆኑን፣ መንገድ አስታዋቂውም የአድራሻው ባለመብት መሆኑን የሚያረጋግጥ መሣሪያ በመጀመሪያው ንድፍ አልነበረም። ተሳታፊዎቹ ጥቂትና የሚተዋወቁ በነበሩበት ጊዜ ይህ ጕድለት ብዙ አላሳሰበም።

የመጀመሪያው ታላቅ ማስጠንቀቂያ በኤፕሪል 25 ቀን 1997 ደረሰ። ቍጥሩ 7007 የሆነ አውታር በስሕተት የዓለምን መንገዶች የራሱ አስመስሎ አስታወቀ፤ የብዙ አውታሮችም ጭነት ወደ እርሱ ጎረፈ። በፌብሩዋሪ 24 ቀን 2008 ደግሞ ፓኪስታን ቴሌኮም ዩቲዩብን በአገር ውስጥ ለመዝጋት ያወጣው ማስታወቂያ ድንበር ተሻግሮ ወጣ። ዩቲዩብ 1024 አድራሻዎችን በአንድነት ሲያስታውቅ፣ ፓኪስታን ቴሌኮም ከእነርሱ ውስጥ 256ቱን ለይቶ አስታወቀ። ራውተሮች ጠበብ ብሎ የተነገረውን መንገድ ስለሚመርጡ ዩቲዩብ ለሁለት ሰዓት ያህል ከብዙው ዓለም ተሰወረ።

በዚያው ዓመት በጁላይ ወር ዳን ካሚንስኪ በስያሜው ሥርዓት ያገኙት ጕድለት ተገለጠ። ጥያቄንና መልስን የሚያገናኘው መለያ 65,536 አማራጮች ብቻ ስለ ነበሩት፣ አጥቂ የሐሰት መልሶችን በብዛት በመላክ ከእውነተኛው መልስ ቀድሞ ሊገጥም ይችላል። የሐሰቱ መልስ አንድ ጊዜ በማከማቻ ከገባ ለሚጠይቁት ሁሉ ይታደላል።

መድኀኒቱም በየመስኩ መጣ። የዶሜይን ስሞች ሥር በጁላይ 2010 በዲጂታል ፊርማ ተፈረመ፤ ዋናው የፊርማ ቍልፍም በኦክቶበር 11 ቀን 2018 ለመጀመሪያ ጊዜ ተለወጠ። በመንገድ ምሪት በኩል አርፒኬአይ የተባለው ሥርዓት አድራሻዎቹን የትኛው አውታር ሊያስታውቅ እንደሚገባው በምስክር ወረቀት ያረጋግጣል። ሆኖም የሚያረጋግጠው የመንገዱን መነሻ እንጂ መንገዱ ያለፈባቸውን አውታሮች ሁሉ አይደለም።

አሁን ወደ ቃላቱ እንመለስ። በመጀመሪያ «ጠለፋ» የሚለውን እንይ። ሰው ጠለፈ፣ አውሮፕላን ጠለፈ፣ ስልክ ጠለፈ ስንል አድራጊው ዐውቆ እንደ ሠራው እንናገራለን። የ1997ቱን ስሕተት ጠለፋ ብሎ መተርጐም ያልተረጋገጠ ክስ መሰንዘር ነው። በኤፕሪል 2018 ግን የአማዞን የስም ሰርቨሮች አድራሻ በሌላ አውታር በኩል ተነግሮ፣ የማይኢተርዋሌት ተጠቃሚዎች ወደ አስመሳይ ገጽ ተመርተው ዲጂታል ገንዘባቸው ተሰርቋል፤ ይህ በእርግጥ የመንገድ ጠለፋ ነው። ስለዚህ ለጠቅላላው ክሥተት «መንገድ ማሳት»፣ ሐሳቡ ለታወቀው ብቻ «መንገድ ጠለፋ» ቢባል ይሻላል።

ሁለተኛው የካሚንስኪ ዐይነቱ ጥቃት ስም ነው። የባሕር ማዶው ቃል በቀጥታ ሲተረጐም «መመረዝ» ይሆናል። የተመረዘ ግን ይታመማል ወይም ይሞታል፤ እዚህ ማከማቻው እንደ ወትሮው እየሠራ ሐሰቱን ያድላል። ቋንቋችን ለዚህ «በረዘ» የሚል ቃል አለው። የተበረዘ መጠጥ መልኩን ሳይለውጥ ባሕርዩን ያጣል፤ ስለ ተበረዘ ጽሑፍም እንናገራለን። ስለሆነም «የማከማቻ ብረዛ» የተሻለ ይመስላል።

ሦስተኛው ከሁሉ የከፋ ስሕተት የሚያስከትል ነው። የስም ሥርዓቱን ፊርማ «ምስጢር መጠበቂያ» ብሎ የሚተረጕም፣ የሌለ ተስፋ ይሰጣል። ፊርማው መልሱ ከባለቤቱ መምጣቱንና አለመለወጡን ያረጋግጣል እንጂ ጥያቄውንም መልሱንም አይሰውርም። ማኅተም ያረፈበትን ግልጥ ደብዳቤ ማንም ያነብበዋል፤ የማን እንደ ሆነ ግን ያውቃል። በዚህ ትርጕም ተታልሎ የሚጠይቃቸው ስሞች ተሰውረውልኛል የሚል አንባቢ ሊጐዳ ይችላል።

በመጨረሻም ጉዳዩ ፊደላችንን ይነካል። በ2017 የኢትዮጵያ ፊደል ለሥረ መሠረቱ ስሞች በተዘጋጀው ደንብ ውስጥ ገብቷል። ነገር ግን «ፀሐይ» የሚለውን ቃል በ«ጸ» ወይም በ«ፀ»፣ ቀጥሎም በ«ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ» ብንጽፈው ንባቡ በአማርኛ አንድ ሆኖ አጻጻፉ 12 ይሆናል። ለአንባቢ አንድ የሆነው ስም ለኮምፒዩተር 12 የተለያዩ ስሞች ነው፤ አስመሳይም ከእነርሱ አንዱን ሊይዝ ይችላል። የሞክሼ ፊደላት ክርክር እስከ አሁን የሥነ ጽሑፍ ጉዳይ መስሎ ቈይቷል፤ ከእንግዲህ የደኅንነትም ጉዳይ ነው። የቀረቡት ስያሜዎች ለውይይት እንጂ ለውሳኔ አይደሉም፤ ተርጓሚዎች በሥራ ፈትነው አስተያየታቸውን ቢልኩ ለቀጣዩ የቃላት ዝርዝር ይረዳል።