ማደሪያ የሆነው መኪና
የቮልስዋገን ኮምቢ ብልሽትና ጥገና ታሪክ

ማናቸውም ተሽከርካሪ ይበላሻል። ነገር ግን ብልሽቱ በባለንብረቱ ላይ የሚያደርሰው ችግር እንደ ተሽከርካሪው አገልግሎት ይለያያል። የከተማ አውቶሞቢል መንገድ ላይ ሲቆም ተሳፋሪው ወርዶ በሌላ መጓጓዣ ወደ ቤቱ ይሄዳል። አልጋ፣ ምድጃ፣ የውሃ ማጠራቀሚያና ቁም ሣጥን ተሰናድቶበት እንደ ቤት የሚያገለግለው መኪና ሲቆም ግን ተጓዡ የሚሄድበት ቤት የለውም፤ የቆመው ራሱ ቤቱ ነውና። ስለሆነም የማደሪያ መኪና ታሪክ የሽርሽርና የምቾት ታሪክ ብቻ አይደለም። አንድ መሣሪያ በሚነደፍበት ጊዜ «ይህ ዕቃ ሲሰበር ማን፣ የት ሆኖ፣ በምን መሣሪያ ይጠግነዋል?» የሚለው ጥያቄ ምን ያህል ክብደት እንዳለው የሚያሳይ የሙያ ታሪክ ጭምር ነው።

ለዚህ ጥያቄ ሰፊ ትምህርት የሚሰጠው በተለምዶ ኮምቢ እየተባለ የሚጠራው የቮልስዋገን መኪና ነው። ኮምቢ የማይበላሽ መኪና አልነበረም። እንዲያውም ደካማ ጎኖቹ ብዙዎችና በሰፊው የታወቁ ነበሩ። ይሁን እንጂ ከሌሎች ብዙ መኪናዎች ይልቅ ረጅም ዕድሜ አገኘ። ምክንያቱ ምን እንደሆነ ለመረዳት ታሪኩን ከመነሻው መመልከት ያስፈልጋል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት «ዓ.ም.» የሚል ካልተጨመረባቸው በቀር እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የመኪናው አመጣጥ

የሆላንዱ የመኪና አስመጪ ቤን ፖን በቮልፍስቡርግ ፋብሪካ ቅጥር ግቢ ዕቃ ለማመላለስ የሚያገለግል፣ ጋሪ የመሰለ ተሽከርካሪ ተመለከተ። ከዚህም ሐሳብ በመነሣት ኤፕሪል 23 ቀን 1947 በማስታወሻ ደብተሩ ላይ አንድ ቀላል ንድፍ ነደፈ። ንድፉ ሾፌሩ ከፊት፣ ሞተሩ ከኋላ፣ ጭነቱ ደግሞ በመካከል የሚሆንበትና 750 ኪሎ ግራም ያህል የሚሸከም የሣጥን ቅርጽ ያለው መኪና ነበር። ሐሳቡ በሥራ ላይ ውሎ መደበኛው ምርት በማርች 8 ቀን 1950 ተጀመረ።

ለአዲሱ መኪና የተሰጠው ሞተር ለትንሹ ቮልስዋገን የተሠራው፣ በአየር የሚቀዘቅዘው ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር ነው። ይዘቱ 1,131 ሴንቲ ሜትር ኩብ፣ ኃይሉም 25 የፈረስ ጉልበት ነበር። በ1951 ቬስትፋሊያ የተባለው የጀርመን ድርጅት በመኪናው ውስጥ ሊገባና ሊወጣ የሚችል የአልጋና የቁም ሣጥን ዕቃ አዘጋጀ። ባለንብረቱ በሥራ ቀን ሸቀጥ ሲያመላልስበት የሰነበተውን መኪና በዕረፍት ቀን የቤተሰብ ማደሪያ ሊያደርገው ቻለ። እንግዲህ የማደሪያው ኮምቢ ብልሽት ታሪክ ከዚህ ይጀምራል፤ ለቀላል አውቶሞቢል የታሰበ ሞተር ቤት ተጫነበት።

ሸክምና ሙቀት

የዕቃ ማመላለሻ መኪና አንዳንድ ጊዜ ሞልቶ፣ አንዳንድ ጊዜ ባዶውን ይሄዳል። የማደሪያ መኪና ግን ጭነቱን ከቶ አያራግፍም። አልጋው፣ ውሃው፣ ምግቡና ልብሱ ሁልጊዜ አብረውት ናቸው። በዚህ ላይ ሰፊው ግንባሩ ነፋስን ስለሚጋፋ ሾፌሩ በሜዳ ላይ እንኳ የነዳጅ መስጫውን እስከ መጨረሻው ረግጦ ለሰዓታት ለመንዳት ይገደዳል። አነስተኛ ሞተር ለረጅም ጊዜ በሙሉ ኃይሉ ሲሠራ ዋና ጠላቱ ሙቀት ነው።

ሞተሩ ራዲያተር ስለሌለው የሚቀዘቅዘው ማራገቢያው በሚገፋው አየርና በሚዘዋወረው ዘይት ነው። ማራገቢያውንና ጄኔሬተሩን የሚያዞራቸው አንድ ቺንጋ ነበር። በመሆኑም ቀዩ የባትሪ መብራት ሲበራ ትርጉሙ ኤሌክትሪክ ተቋረጠ ማለት ብቻ አልነበረም። ቺንጋው ተበጥሶ ማቀዝቀዣውም ቆሟል ማለት ሊሆን ስለሚችል ሾፌሩ ወዲያውኑ ሞተሩን ማጥፋት ነበረበት። ይህን የማያውቅ ሰው «እስከሚቀጥለው ከተማ ልድረስ» ብሎ ሲነዳ ሞተሩን ያቃጥል ነበር።

ከዚህ ሌላ የታወቀ የንድፍ ጉድለት ነበር። የዘይት ማቀዝቀዣው ቀጥ ብሎ የቆመው በማራገቢያው ሽፋን ውስጥ ስለነበረ ወደ ሦስተኛው ሲሊንደር የሚሄደው አየር በከፊል ይታገዳል፤ የሚደርሰውም በዘይቱ ሙቀት ሞቆ ነው። ስለዚህ ሦስተኛው ሲሊንደር ከሌሎቹ ይልቅ ይግላል። ፋብሪካው ጉዳቱን ለማቃለል የዚህን ሲሊንደር እሳት መስጫ ጊዜ በጥቂት ዲግሪ አዘገየው። ለ1971 ሞዴል ደግሞ ማቀዝቀዣውን ከአየሩ ዋና መንገድ አውጥቶ የራሱ ማሳለፊያ ሠራለት። ጉድለቱ ታውቆ መፍትሔው እስኪገኝ ድረስ ግን ብዙ ሞተሮች በዚሁ ቦታ ተጎድተዋል።

የጉዳቱ አካሄድ እንደሚከተለው ነው። የጭስ ማውጫው ቫልቭ በሙቀት ሲለጠጥ ክፍተቱ ይጠባል። ክፍተቱ ሲጠብ ቫልቩ በመቀመጫው ላይ በደንብ አያርፍም። ካላረፈ ደግሞ ሙቀቱን ወደ ቴስታው የሚያስተላልፍበት መንገድ ስለሚያጣ ይበልጥ ይግላል። በመጨረሻም ራሱ ተቆርጦ በፒስቶኑ ላይ ይወድቅና ሞተሩን ያፈርሳል። ይህን ሁሉ ጥፋት የሚከላከለው ሥራ ግን እጅግ ቀላል ነበር። ሞተሩ በደንብ በቀዘቀዘ ጊዜ የቫልቮቹን ክፍተት በስስ የብረት መለኪያ ለክቶ በቁልፍና በካቻቢቴ ማስተካከል ብቻ ይበቃል። ዘይቱም ቢሆን 2.5 ሊትር ብቻ ሲሆን ሞተሩ ከሽቦ ወንፊት በቀር የወረቀት ማጣሪያ ስላልነበረው በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ መለወጥ ነበረበት። ይህን ሥርዓት የጠበቀ ባለንብረት ረጅም መንገድ ተጓዘ፤ የረሳው ግን መንገድ ላይ ቀረ።

እሳትና ጨለማ

ከሁሉ ይልቅ አስከፊው ብልሽት እሳት ነበር። ቤንዚን የሚያስተላልፈው፣ በጨርቅ የተሸፈነው የጎማ ቱቦ በሞተሩ ክፍል ሙቀት ደርቆ ሲሰነጠቅ ቤንዚኑ በጋለው ሞተር ላይ ይንጠባጠባል። የሞተሩ አካል የተሠራበት ብረት አብዛኛው ማግኒዚየም በመሆኑ አንድ ጊዜ ከተቀጣጠለ በቀላሉ አይጠፋም፤ ውሃ ሲደፋበትም ይብሳል። አልጋና መጋረጃ በሞላበት መኪና ውስጥ ይህ ምን ማለት እንደሆነ መገመት አያዳግትም። ዋጋው እጅግ አነስተኛ የሆነውን ቱቦ በጊዜው አለመለወጥ ቤትንም መኪናንም በአንድ ጊዜ ያሳጣ ነበር።

ማደሪያ በመሆኑ ብቻ የሚደርስበት ሌላም ብልሽት ነበር። ሌሊት መብራት ሲበራበትና ሌላ ዕቃ ሲሠራበት ያደረ ባትሪ ጠዋት ሞተሩን ማስነሣት ያቅተዋል። በዚህ ምክንያት ለቤቱ አገልግሎት የሚውል ሁለተኛ ባትሪ ማስገባትና ሞተሩ በቆመ ጊዜ ሁለቱን ባትሪዎች የሚለያይ ማብሪያ መግጠም የተለመደ ሆነ። የሚከፈተው ጣራ ዙሪያና የመስኮቶቹ ጎማዎች ያሳለፉት ዝናብ ደግሞ በቁም ሣጥኖቹ ሥር ተጠራቅሞ ወለሉን በዝገት ይበላ ነበር። ብዙ ኮምቢዎችን ከጥቅም ውጭ ያደረጋቸው የሞተር ብልሽት ሳይሆን ይኸው ዝገት ነው።

የጥገናው ዕውቀት እንዴት ተስፋፋ?

ከላይ የተዘረዘሩት ጉድለቶች ሁሉ እያሉበት መኪናው ለምን ተወደደ? መልሱ ከአሠራሩ ይገኛል። በመጀመሪያዎቹ ሞዴሎች ሞተሩን ከካምቢዮው ጋር የሚያያይዙት አራት ማሰሪያዎች ብቻ ነበሩ። ክብደቱ መቶ ኪሎ ግራም ገደማ ስለነበረ ሁለት ሰዎች በክሪክ ረዳትነት ሊያወርዱት ይችሉ ነበር። እያንዳንዱ ሲሊንደር ለብቻው የሚወጣና የሚለወጥ ነበር። ከሁሉም በላይ ሞተሩ ከትንሹ ቮልስዋገን ጋር አንድ ዓይነት በመሆኑ መለዋወጫውም ዕውቀቱም በብዙ አገሮች ተስፋፍቶ ነበር። ፌብሩዋሪ 17 ቀን 1972 የትንሹ ቮልስዋገን ምርት 15,007,034 ደርሶ የፎርድ ሞዴል ቲን ክብረ ወሰን ማለፉ ይህን ስፋት ያስረዳል።

በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ብዙ የአውሮፓና የአሜሪካ ወጣቶች ከኢስታንቡል ተነሥተው በቴህራንና በካቡል በኩል እስከ ደልሂና ካትማንዱ የተጓዙት በእንደነዚህ ያሉ መኪናዎች ነው። የ1979 የኢራን አብዮትና በዚያው ዓመት መጨረሻ የሶቪየት ጦር ወደ አፍጋኒስታን መግባቱ መንገዱን እስኪዘጋው ድረስ ተጓዡ ራሱ መካኒክ መሆን ነበረበት።

ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው የተጻፈው ታዋቂ መጽሐፍ በ1969 አሜሪካ ውስጥ ታተመ። ደራሲው ጆን ሙር መሐንዲስ የነበረ ሰው ሲሆን መጽሐፉ ቮልስዋገንን በሕይወት ስለ ማቆየት የሚያስተምር ነው። የተጻፈው ለባለሙያ ሳይሆን ቁልፍ ይዞ ለማያውቅ ሰው ነበር። የፒተር አሽዋንደን ሥዕሎችም እያንዳንዱን ክፍል ፈታትተው ያሳያሉ። ሙር በ1977 ቢሞትም መጽሐፉ ከዚያ በኋላ ደጋግሞ ታትሟል። ከታሪክ አንጻር ዋናው ቁም ነገር ደራሲው የጥገናን ዕውቀት ከጋራዥ አውጥቶ ለባለንብረቱ ማስረከቡ ነው። ይህ ሊሆን የቻለውም መኪናው ራሱ ለመከፈት የተመቸ በመሆኑ ነው። ተዘግቶ የተሠራን ዕቃ ማንም መጽሐፍ አይከፍተውም።

ኮምቢና የኢትዮጵያ ደጋ

በኢትዮጵያ ትንሹ ቮልስዋገን በከተማ ጎዳና የተለመደ መኪና ነበር። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በዚሁ መኪና መሆኑ በታሪክ ይታወቃል። ትንሹን ቮልስዋገን የፈታ መካኒክ የኮምቢንም ሞተር ለመፍታት አይቸገርም። የአገሩ መካኒክ የሚናገርባቸው ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ቴስታ፣ ቺንጋ የመሳሰሉት ቃላት ከጣልያንኛ የመጡ ሲሆኑ የጀርመኑም መኪና የተጠገነው በእነዚሁ ቃላት ነው።

የአገሩ አቀማመጥ ግን ለሞተሩ ልዩ ፈተና ነበር። በአዲስ አበባ ከፍታ አየሩ ከባሕር ወለል አየር ከአምስት እጅ አንድ እጅ ያህል ይሳሳል። ለባሕር ወለል የተስተካከለ ካርቡሬተር በዚህ ከፍታ ቤንዚን ስለሚያበዛ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፤ ጉልበቱም ይቀንሳል። መካኒኩ ይህን ለማረም ነዳጁን ቀነሰው እንበል። መኪናው ከ1,000 ሜትር በታች ወደሚገኘው ወደ አዋሽ ሲወርድ አየሩ ስለሚወፍር ቤንዚኑ ያንሰዋል፤ ቃጠሎውም ይግላል። ቀደም ሲል የተገለጸው የቫልቭ አደጋ በዚህ ጊዜ ይቃረባል። ስለዚህ ጥሩ መካኒክ ሞተሩን ከማስተካከሉ በፊት መኪናው ወዴት እንደሚሄድ መጠየቅ ይኖርበታል።

የብልሽቱ ቦታ መለወጥ

ፋብሪካው ለደካማ ጎኖቹ መፍትሔ ከመፈለግ አልቦዘነም። ለ1972 ሞዴል 1.7 ሊትር የሆነና የዘይት ማጣሪያ ያለው ጠንከር ያለ ሞተር ቀረበ። በ1979 ሦስተኛው ትውልድ መኪና ወጣ። በ1982 መጨረሻም በውሃ የሚቀዘቅዝ ሞተር ተተካ። በዚህ ለውጥ የሲሊንደሮቹ ሙቀት ተስተካከለ፤ በክረምት የተሳፋሪዎቹም ክፍል በደንብ ሞቀ።

ሆኖም ብልሽት ቦታውን ለወጠ እንጂ አልጠፋም። ራዲያተሩ ከፊት፣ ሞተሩ ከኋላ በመሆኑ ውሃው በወለሉ ሥር በረጃጅም ቱቦዎች ይጓዛል። በቱቦዎቹ ውስጥ አየር ከቀረ ሞተሩ ይግላል። ተስማሚ ያልሆነ የማቀዝቀዣ ፈሳሽ ወይም ተራ ውሃ የተሞላበት እንደ ሆነ የአሉሚኒየሙ ቴስታ የጎማው ጓርኒሲዮን በሚያርፍበት ቦታ ይበላና ያፈስሳል። የቀድሞው ጉዳት በክፍተት መለኪያ አስቀድሞ ይታወቅ ነበር። ይኸኛው ግን ከውስጥ ቀስ በቀስ የሚሠራ በመሆኑ ባለንብረቱ የሚያውቀው ከደረሰ በኋላ ነው። ጥገናውም ሞተሩን መፍታት ይጠይቃል።

በብራዚል የሁለተኛው ትውልድ ኮምቢ መሠራቱ እስከ ዲሴምበር 2013 ቀጥሎ፣ የአየር ከረጢትና ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርግ ፍሬን ግዴታ በመሆናቸው ተቋረጠ። በ2022 ደግሞ ስሙንና መልኩን የሚያስታውስ የኤሌክትሪክ መኪና ለገበያ ቀረበ። ቫልቭ የለውም፤ ቺንጋና ካንዴላም የለውም። ጤንነቱ የሚመረመረው ግን በኮምፒዩተር ነው።

የዘመኑ መኪና ከጥንቱ ኮምቢ ይልቅ አስተማማኝ፣ ለተሳፋሪውም ደኅና መሆኑን መካድ አይቻልም። ጥያቄው ሌላ ነው። ቀድሞ ብልሽት ሲደርስ መፍትሔው በባለንብረቱ እጅ ነበር። ዛሬ በብዙ መኪና ላይ መፍትሔው የመመርመሪያው መሣሪያና የአሠራሩ ሰነድ ባለበት ቦታ ብቻ ይገኛል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ በተከለከለባት ኢትዮጵያ ይህ የሩቅ አገር ጉዳይ አይደለም። መሣሪያ የሚመርጥና የግዥ መግለጫ የሚያዘጋጅ ባለሙያ ዋጋውንና ጉልበቱን ብቻ ሳይሆን የጥገና ሰነዱን፣ የኤሌክትሪክ መሥመር ንድፉን፣ የመመርመሪያ መሣሪያውንና የመለዋወጫውን ምንጭ አስቀድሞ በውሉ ላይ ሊጠይቅ ይገባል። የኮምቢ ታሪክ እንደሚያስረዳው አንድን መሣሪያ ለረጅም ዘመን የሚያኖረው አለመሰበሩ ሳይሆን በተሰበረበት ቦታ የሚጠግነው ሰው ማግኘቱ ነው፤ ያ ሰው እንዲገኝም መታሰብ ያለበት መሣሪያው ከመገዛቱ በፊት ነው።