ሩርና ፊሽካ፤ የሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት ከመሐል ሜዳ ሲታይ

ከትምህርት ዓይነቶች ሁሉ እንደ ሰውነት ማጎልመሻ የተናቀ የለም። የሒሳብ አስተማሪ ሲቀር ተማሪው ይሰጋል፤ የስፖርት አስተማሪ ሲቀር ግን «ተመስገን!» ብሎ ሌላ ደብተር ይገልጣል። ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና አይመጣማ፤ ማን ይጨነቅለታል? ሆኖም ስሙን ልብ ብለን ካየነው ቀላል ቃል አይደለም። ጎለመሰ ማለት ለሙሉ ሰውነት በቃ ማለት ነው። ታዲያ ሰውን ለሙሉ ሰውነት የሚያበቃው ትምህርት እንዴት የዕረፍት ሰዓት ሆኖ ቀረ? መልሱን ለማግኘት ታሪኩን ከሁለት ወገን፣ ከሜዳውም ከትምህርት ቤቱም፣ መመርመር ይኖርብናል።

ከሜዳው እንጀምር። የመንዝ ጌራ ከተማ መሐል ሜዳ ስሟም ሜዳ ነው። ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር ከፍ ባለ፣ ገብስና በግ በሚያውቀው፣ ውርጭ በማይለየው አገር ላይ ተቀምጣለች። በዚህ ደጋ የአስተማሪ ፊሽካ ከመሰማቱ በፊት የሰውነት ትምህርት ነበረ። እረኛው ለቡሄ ጅራፍ ያጮሃል፤ ጓደኛውን ትግል ይገጥማል። በገና ቀን ጫፉ የተቆለመመ ዱላ ይዞ ከእንጨት የተጠረበችውን ሩር እያሳደደ ይውላል። በጥምቀት ፈረሰኛው ጉግስ ይጫወታል። ደንቡ በመጽሐፍ አልተጻፈም፤ ግን ሁሉም ያውቀዋል። በገና ዕለት ጌታና ሎሌ በአንድ ሜዳ ይጋፋሉ፤ ቢመታም ጌታው አይቆጣም። የዓመቱ ሥርዓት ለአንድ ቀን ይላላል ማለት ነው።

ይህን ስንል ግን ያለፈውን ሁሉ ለማወደስ አይደለም። ለመሆኑ ሴት ልጅ ሩር ስትመታ ማን አየ? እሷ እንስራ አዝላ ቁልቁለቱን ትወርዳለች፤ ዳገቱን ትወጣለች። ድካሙ ደርሷታል፤ ጨዋታው ግን አልደረሳትም።

አሁን ወደ ትምህርት ቤቱ እንለፍ። ዘመናዊው ትምህርት በ1900 ዓ.ም. በዳግማዊ ምኒልክ፣ በ1917 ዓ.ም. ደግሞ በተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ሲስፋፋ የእግር ኳሱም ከዚያው ጋር በቀለ። የተፈሪ መኰንን ተማሪ የነበረው ይድነቃቸው ተሰማ በ1928 ዓ.ም. በተመሠረተው የቅዱስ ጊዮርጊስ ቡድን ተጫወተ። ከጠላት ወረራ በኋላም ስፖርቱን በማደራጀትና ደንቡን በአማርኛ በማዘጋጀት ደከመ። በ1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የአፍሪካን ዋንጫ ስትወስድ አሠልጣኙ እሱ ነበር። ሥራው ትልቅ ነው። ነገር ግን ከዚያ ወዲህ «ስፖርት» ሲባል በአእምሯችን የሚመጣው ዋንጫና ሜዳልያ ብቻ ሆነ። አሥራ አንዱ ይጫወታል፤ የቀረው ክፍል ቆሞ ያያል።

ከሜዳልያው ጀግና ራሱ ግን ሌላ ነገር መማር ይቻል ነበር። ዛሬ ሰሜን ሸዋ በምንለው አገር፣ በመንዲዳ አካባቢ ጃቶ በተባለ ቦታ የተወለደው አበበ ቢቂላ በልጅነቱ ከብት ጠባቂና የገና ተጫዋች ነበር። ክቡር ዘበኛ ከገባ በኋላ ስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን አሠለጠነው። የሜዳው ልጅና የአውሮፓ ጂምናስቲክ በዚህ ተገናኙ። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ፣ ሮም ላይ በባዶ እግሩ አሸነፈ። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ደግሞ በትርፍ አንጀት ምክንያት ቀዶ ሕክምና ከተደረገለት ስድስት ሳምንት ሳይሞላው በቶኪዮ ድጋሚ አንደኛ ወጣ። ያኔ 42 ኪሎ ሜትር ሮጦ ሲያበቃ ተዘርሮ አልወደቀም፤ ሣሩ ላይ ሆኖ ሰውነቱን ያፍታታ ጀመር። ዓለም ተገረመ። እኛም ወርቁን ቆጠርን፤ ማፍታታቱን ግን አልተማርንም።

በ1961 ዓ.ም. በመኪና አደጋ ከወገቡ በታች ሽባ ሲሆንም አበበ አልተቀመጠም። በዓመቱ በእንግሊዝ አገር በአካል ጉዳተኞች ውድድር በቀስት ውርወራ ተካፈለ። ጥቅምት 15 ቀን 1966 ዓ.ም. እስኪያርፍ ድረስ ያሳየን፣ ሰውነትን መንከባከብ የፈጣን እግር ባለቤቶች ጉዳይ ብቻ አለመሆኑን ነው።

ሜዳና ትምህርት ቤትን በማጣመር ረገድ የሕንድን ልምድ ማየት ይጠቅማል። ዮጋ የሚለው ቃል ሥሩ መጥመድ፣ ማጣመር ማለት ነው፤ የመንዝ ገበሬ ሁለት በሬ በቀንበር እንደሚጠምድ፣ አካልንና ሐሳብን በትንፋሽ መጥመድ ነው። በጥንታዊው የፓታንጃሊ ድርሳን ካሉት 195 ያህል አጫጭር አንቀጾች ስለ አቀማመጥ የሚናገሩት 3 ብቻ ናቸው። ዛሬ ዓለም የሚያውቀው በእንቅስቃሴ የበለጸገው ዮጋ በአብዛኛው የ20ኛው መቶ ዓመት ሥራ ነው፤ የሕንድ መምህራን የጥንቱን ልማድ ከአውሮፓ ጂምናስቲክ ጋር አዋሕደው ለተማሪ አቀረቡት። ስሙ ካስፈራን ስሙን እንተወው። ወገብን አቅንቶ መቀመጥ፣ በአፍንጫ ረጋ ብሎ መተንፈስ የማንም አገር የግል ንብረት አይደለም።

«የገበሬ ልጅ ምን ስፖርት ያስፈልገዋል? ሲለፋ አይደል የሚውለው!» የሚሉ አሉ። ልፋትና ማጎልመሻ ግን ለየቅል ናቸው። ሸክም ጀርባ ያጎብጣል፤ የሰውነት ትምህርት ደግሞ የጎበጠውን እንዴት እንደሚያቀኑት ያሳያል። ደግሞም ያ ዳገት የለመደ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ ከመኝታው ወደ ወንበር፣ ከወንበሩ ወደ መኝታ ይሆናል ኑሮው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ ጠንከር ያለ እንቅስቃሴ ያስፈልጋል ይላል። በሳምንት አንድ ሁለት ክፍለ ጊዜ፣ እሱም ከተገኘ፣ ይህን አይሞላም።

ከመካከላችን ብዙዎቻችን ነገ አስተማሪዎች ነን። ሩር ከእንጨት ትጠረባለች፤ የውጭ ምንዛሪ አትፈልግም። የገና ጨዋታ በክፍለ ጊዜው ይግባ፤ ሴት ልጆችም ዱላውን ይያዙ፤ መሮጥ የማይችለውም ተማሪ በተቀመጠበት የሚሠራው እንቅስቃሴ ይሰጠው። በየጧቱ ትምህርት ሲጀመር አምስት ደቂቃ ለትንፋሽና ለወገብ ትዋል። የፈተና ሳምንት ሲደርስ ደግሞ መጀመሪያ የሚሰረዘው ይኸው ክፍለ ጊዜ እንዳይሆን መከራከር የእኛው ፈንታ ነው።