መምሪያና መወሰኛ

ሊቃውንቱ «ስም ይመርሖ ኀበ ግብሩ» ሲሉ ስለ ሰው መናገራቸው ነው፤ ነገር ግን አነጋገሩ ለቤትም እንደሚሠራ ለማየት የፈለገ ሰው፥ ሐምሌ 9 ቀን 1923 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ የተፈረመው የመጀመሪያው ሕገ መንግሥት ለሁለቱ ምክር ቤቶች ያወጣላቸውን ስም ይመልከት። መኳንንቱ የሚቀመጡበት የሕግ መወሰኛ፥ እንደራሴዎች የሚቀመጡበት ደግሞ የሕግ መምሪያ ተባለ። መምሪያ ከዚያው «ይመርሖ» ካለው ግሥ የወጣ ሲሆን ፍችው መንገድ ማሳየት ነው፤ መወሰኛ ግን ወሰን የሚደረግበት፥ በሁለት እርሻ መካከል ድንጋይ እንደሚተከል ያለ ነገር የሚቆረጥበት ነው። መንገድ አሳይና ድንበር ተካይ በአንድ ቤት ሥር ተሰበሰቡ፤ ከሁለቱም በላይ ዙፋኑ ነበረ።

ሕጉን ያረቀቁት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም፥ ከዓድዋ ድል በኋላ በልጅነታቸው ወደ መስኮብ አገር ተወስደው የመድፈኛነትን ትምህርት የተማሩ፥ ኋላም የገንዘብ ሚኒስትር ለመሆን የበቁ ሰው ነበሩ። ከተመለከቷቸው የውጭ አገር ሕጎች ሁሉ ይልቅ ያዘነበሉት በ1881 ዓ.ም. ወደ ታወጀው ወደ ጃፓን ሕገ መንግሥት ነበር፤ ያ ሕግ ሸንጎ አቁሞ የንጉሡን ሥልጣን ግን በሙላት ያጸና ነበርና። በ55 አንቀጽ የተደመደመው የእኛው ሕግም ይህንኑ መንገድ ተከተለ። የመወሰኛውን አባሎች ንጉሠ ነገሥቱ ብዙ ዘመን ካገለገሉት መኳንንት መካከል ይሾማሉ፤ እንደራሴዎቹን ደግሞ ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ መኳንንቱና የየአገሩ ሹማምንት ይመርጡለታል ተባለ። ምክር ቤቶቹ ሚኒስትር ለመጥራት ቢያስፈልጋቸው እንኳ አስቀድመው የንጉሠ ነገሥቱን ፈቃድ መለመን ነበረባቸው። እንግዲህ ስለ ግብር እየመከረ የገንዘብ ሚኒስትሩን «ና፥ አስረዳኝ» ለማለት ያልተፈቀደለት ሸንጎ ምን ያህል ሊመክር እንደሚችል አንባቢ ይገምተው።

ቢሆንም ነገሩን አቃልሎ ማየት አይገባም። እስከዚያ ዘመን ድረስ ሕግ ማለት ከዐረብኛ ወደ ግእዝ የተመለሰው ፍትሐ ነገሥት ነበር፤ ሊቃውንት ይተረጉሙታል፥ ዳኞች ይፈርዱበታል እንጂ ማንም ተቀምጦ አንቀጹን አይጨምርለትም፥ አይቀንስለትም። ሕግ ከአባቶች የተቀበሉት ነበረ። በ1924 ዓ.ም. ምክር ቤቶቹ ሲከፈቱ ግን ከልዩ ልዩ አውራጃ የመጡ ሰዎች በአንድ ወንበር ተቀምጠው፥ ገና ስላልተጻፈ ሕግ ቃል ይሰጡ ጀመር። ይህ በዓይን የማይታይ፥ ነገር ግን ትልቅ ለውጥ ነው።

የኢጣልያ ወረራ ሸንጎውን በተነው፤ ከነፃነት በኋላ እንደ ገና ተሰበሰበ። ከዚያም በዘውዱ በዓል 25ኛ ዓመት፥ ጥቅምት 24 ቀን 1948 ዓ.ም.፥ 131 አንቀጽ ያለው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ወጣ። ሰው ሁሉ፥ ወንድም ሴትም፥ 21 ዓመት ከሞላው በምስጢር ድምፅ እንዲመርጥ ተፈቀደ፤ 200,000 ሰው ለሚኖርበት የምርጫ ክፍል ሁለት እንደራሴ ተመደበ፤ ዘመናቸውም አራት ዓመት ሆነ። ተመራጭ ለመሆን ግን 25 ዓመት መሙላት ብቻ አይበቃም ነበር፤ በሚወክሉት ስፍራ ሀብት ሊኖራቸው ግድ ነበር። የመወሰኛው አባሎች ቁጥራቸው ከእንደራሴዎቹ እኩሌታ ሳይበልጥ በንጉሠ ነገሥቱ ለስድስት ዓመት መሾማቸው ቀጠለ። የፖለቲካ ማኅበር የሚባል ነገር ስላልነበረ፥ እያንዳንዱ ተመራጭ ወደ አዲስ አበባ የሚመጣው ስሙንና የአገሩን ጉዳይ ብቻ ይዞ ነበር። በዚህ ሕግ በተደረገው የመጀመሪያ ምርጫ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ፥ ያችው በጠላት ዘመን በአዚናራ ደሴት የታሰረችው አርበኛ፥ ከወንዶቹ መካከል ተመርጣ ገባች፤ ኋላም የምክር ቤቱ ምክትል ፕሬዚዳንት ሆነች።

ሕግ በዚያ ቤት የሚወለደው እንዲህ ነበር። ረቂቁ ከንጉሠ ነገሥቱ ወይም ከሁለቱ ምክር ቤቶች በአንዱ ከሚገኙ ከአሥር የማያንሱ አባሎች ይቀርባል፤ የገንዘብ ጉዳይ ከሆነ ግን አስቀድሞ ወደ መምሪያው ይገባል። አንዱ ቤት የተቀበለውን ለሌላው ይልካል፤ ሁለተኛው ካሻሻለው ይመለሳል፤ ካልተስማሙ ሁለቱ በአንድነት ተሰብስበው ይመክሩበታል። ሁለቱም ያጸደቁት ወደ ዙፋኑ ይወጣል፤ ካልተፈረመ ሕግ አይደለም። ከተፈረመ በኋላ በጽሕፈት ሚኒስቴር በኩል በነጋሪት ጋዜጣ ይወጣል። ቅጠሉን እጅ ላይ ላደረገ ሰው በራሱ ላይ «ሞዓ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ» የሚለው የማዕርግ ቃል፥ በግራው ዓምድ ዐማርኛው፥ በቀኙ እንግሊዝኛው፥ ከግርጌው የጸሐፌ ትእዛዙ ስም ይታያል። ድሮ አዋጅ ነጋሪ በገበያ ነጋሪት እየጎሰመ «ስማ፥ ስማ» ይል የነበረው ድምፅ በወረቀት ላይ ስሙን ብቻ ትቶ ጸጥ አለ። ምክር ቤቶቹ በዕረፍት ላይ ሳሉ ደግሞ ንጉሠ ነገሥቱ በድንጋጌ ሕግ የማውጣት ሥልጣን ነበራቸው፤ ይህች በር ጠባብ አልነበረችም።

በዚሁ መንገድ ታላላቅ ሥራዎች አልፈዋል፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው 3367 ቁጥር ያለው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንዱ ነው። የቤቱ ጠባይ የታየው ግን ነገሩ ወደ መሬት በመጣ ጊዜ ነው። በ1960 ዓ.ም. አሥራትን ሽሮ በእርሻ ገቢ ላይ ግብር የጣለው አዋጅ በምክር ቤቶቹ ከብዙ ክርክርና ማሻሻል በኋላ ቢወጣም፥ የጎጃም ገበሬ «ርስቴን ሊለኩብኝ ነው» ብሎ ተነሣ፤ ጦር እስከ መላክ ተደረሰ፥ በመጨረሻም መንግሥት ውዝፉን ግብር ማረ። የባለርስትና የጢሰኛ ግንኙነት ሕግ ረቂቅ ደግሞ ቀርቦ፥ ታይቶ፥ ታርሞ፥ ሕግ ሳይሆን ቀረ። አንዳንዶች ጥፋቱን ሁሉ በመወሰኛው ሽማግሌዎች ላይ ይጥሉታል፤ እኔ ግን የመምሪያውም ተመራጭ ባለሀብት እንዲሆን በሕግ የተገደደ እንደ ነበረ መርሳት አልችልም። ድንበሩን እንዲያነሣ የተጠየቀው ያው የድንበሩ ባለቤት ነበር፤ ጢሰኛው በዚያ ወንበር ላይ አልነበረም።

መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ሁለቱም ምክር ቤቶች ተዘጉ፤ የዘጋቸው አዋጅም የወጣው በዚያው በነጋሪት ጋዜጣ፥ ዐማርኛው በግራ፥ እንግሊዝኛው በቀኝ ሆኖ ነው። በ1934 ዓ.ም. ከቁጥር 1 ተነሥቶ ሲቆጠር የኖረው የአዋጅ ተራ በዚያ ቀን ተቋረጠ፤ አዲሱ ቅጠል እንደ ገና «አዋጅ ቁጥር 1» ተብሎ ታተመ።